«ቀስ ብሎ» ማለት ስንት ነው?

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ፊት ለፊት ስጠይቅዎት «ይኼማ የታወቀ ነው» እያሉ ስለሚያልፉኝ በደብዳቤ መጣሁብዎ።

የቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ማሽን) ክፍሉን የአሠራር መመሪያ እንዳሻሽል ሲሰጠኝ ያስያዝኩዎትን ደብተር ባለፈው ሳምንት መለሱልኝ። የ30 ዓመት ሥራ ግማሽ ገጽ ሆኖ! «ዋናውን የእንፋሎት ቫልቭ ቀስ ብሎ መክፈት። መጠንቀቅ።» አባባ፣ ይህንንማ አሮጌው መመሪያም ይላል። ቀስ ብሎ ማለት ስንት ነው? ጡረታዎ 4 ወር ቀርቶታል፤ ያ «ቀስ» ያለው እርስዎ እጅ ላይ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አጠያየቅ አላወቅሁበትም። «እንዴት ነው የሚሠሩት?» የተባለ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለውን ይመልሳል። ቧንቧው በመዶሻ እንደተመታ የጮኸበትን ሌሊት ሲያጫውቱኝ ግን ሁሉም ወጣ። አዲሱ ተረኛ ቫልቩን በአንዴ ሲከፍተው፣ በቀዝቃዛው መስመር የተጠራቀመውን ውሃ እንፋሎቱ እያዳፋ ወስዶ መታጠፊያው ላይ አላተመው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የውሃ ማስወገጃውን ከፍተው ይጠብቃሉ። «ነጩን ጉም አትዪ» አሉኝ፤ «በቧንቧው አፍና በጉሙ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እዪ። ደረቅ እንፋሎት አይታይም። ያ ክፍተት ጠርቶ ካልቆመ ዋናውን እንዳትነኪ።» ይህ የትም ገጽ ላይ አልነበረም። አሁን ከነምክንያቱ ገብቷል።

ምክንያቱ መመሪያውን ያረዝመዋል ብለው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሎንግፎርድ በሚባል የጋዝ ፋብሪካ የሞቀ ዘይት ዝውውር ተቋርጦ አንድ የሙቀት መለዋወጫ ከዜሮ በታች ቀዘቀዘ። ብረት እንደዚያ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ እንደሚሰበር ተረኞቹ አልተማሩም ነበርና የሞቀውን ዘይት መልሰው ለቀቁበት። ፈነዳ፤ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 8 ቆሰሉ። የፋብሪካው መሐንዲሶች በ1992 እ.ኤ.አ. ከቦታው ተነሥተው ወደ ሜልቦርን ከተማ ተዛውረው ነበር፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ መሐንዲስ ከተረኞቹ አጠገብ አልነበረም። ስለዚህ ይርዘም።

አንዱን ግን አልጽፍልዎትም። እንፋሎቱ ሳይዘጋ የሚያንጠባጥበውን ፍላንጅ (የሁለት ቧንቧ መጋጠሚያ) ብሎን የሚያጠብቁበትን ነገር። ደግ ሆኖልዎት እንጂ ብሎኑ ቢበጠስ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለማን እጽፍ ነበር? (እማማ አታውቅም አይደል?) ለምን እንደለመዱት ግን ለአለቆች አስታውቄያለሁ፤ የጠየቁት ጋስኬት (መጋጠሚያው እንዳያፈስ መሀሉ የሚገባው ማሸጊያ) በሰዓቱ አይመጣልዎትም ነበር። እሱ የእርስዎ ብልሃት ሳይሆን የመጋዘኑ ጉድለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ ቦይለሩ ከጥገና ተመልሶ ሲነሣ፣ ወጣቱ ረዳትዎ ረቂቄን ይዞ ብቻውን ያስነሣው። እርስዎ አጠገቡ ይቁሙ፣ አደጋ ካላዩ በስተቀር አፍዎን አይክፈቱ። እኔ ከኋላ ሆኜ የሱን እጅ ሳይሆን የእርስዎን ፊት ነው የማየው። የሚኮሳተሩበት ቦታ ሁሉ እኔ ያልጻፍኩት ነገር አለ ማለት ነው። ዝም ማለት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይታገሡኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ