ከጂሬን ቁልቁል ለምንሮጠው የገና ሰሞን ሩጫ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሥራም ሆነ በትምህርት ምክንያት ከከተማችን ርቃችሁ ለምትኖሩ የጅማ ልጆች፤

የሰፈራችን ወጣቶችና ሁለት ዕድሮች በጋራ ሆነን ቅዳሜ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከጂሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ተነሥቶ ወደ ከተማው መሀል የሚወርድ፣ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጎዳና ላይ ሩጫ ለማካሄድ እየተዘጋጀን ነው። ይህን ጥሪ ያቀረብነው ወጪው ከአባላት መዋጮ በላይ ስለሆነብን ነው።

እጃችንን ለድጋፍ ከመዘርጋታችን በፊት ግን ባለፈው ዓመት ያጠፋነውን መናገር ይገባናል። ባለፈው ዓመት ሩጫውን ያካሄድነው በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ነበር። የበዓሉ ድምቀት ለሩጫውም ይተርፈዋል ብለን ቀኑን ስንመርጥ፣ ዕለቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የቆየው የጾመ ነቢያት የመጨረሻ ቀን መሆኑን በቅጡ አላሰብንበትም። ከሯጮቹ ብዙዎቹ እህል ውኃ ሳይቀምሱ የመጡ ስለነበሩ፣ በመንገድ ላይ የዘረጋንላቸውን ውኃ እንኳ ሳይነኩ አልፈው መጨረሻው ላይ እየተንገዳገዱ ደርሰዋል። የዋዜማ ገበያም አለ። በግ የሚጎትተው፣ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚሻገረው፣ ቄጤማ የጫነው ባጃጅ ሁሉ በሩጫው መስመር ላይ ስለነበር፣ አንዲት ተማሪ በበግ ገመድ ተጠልፋ ወድቃ ጉልበቷ ተልጧል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ የከፋ አልደረሰም።

ይበልጥ የሚቆጨን ግን የውኃው ነገር ነው። የታሸገውን ውኃ የገዛነው በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ነበር። ከፊት የደረሱት አንዱን ጠጥተው ሌላውን በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ሲያልፉ፣ ከኋላ ለሚመጡት የቀረው ባዶ ካርቶንና የተረጋገጠ ፕላስቲክ ሆነ። ከኋላ የሚመጡት ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሮጡ እናቶች፣ ጡረተኞችና ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩ ሰዎች ናቸው፤ ፀሐይ በርትቶ የሚያገኘውም እነሱን ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ከቤታቸው ቢጫ ጀሪካን ጎትተው አወጡና በአንዲት ጣሳ እየቀዱ ለሚያልፈው ሁሉ ማደል ጀመሩ። የኛ ውኃ ተቆጥሮ ተገዝቶ አልበቃም፤ የሳቸው ጣሳ ለስንት ሰው እንደደረሰ የቆጠረ የለም።

ዘንድሮ ቀኑን የመረጥነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ጾሙ ከተፈታና ገና ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ዓርብን ለጁምዓ፣ እሑድን ለቅዳሴ ትተን፣ ሐሙስን ደግሞ ለገበያው ለቀቅን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጥር 9 ስለሆነ በማግሥቱ የጥምቀት ከተራ ነው፤ ታቦታት የሚያልፉበትን ጎዳና የሚያጸዳውና የሚያስጌጠው ወጣት ደግሞ ያው የኛው ሯጭ ነው። ስለዚህ ጥር 2 ብቸኛዋ የምትመች ቀን ሆና ተገኘች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዝግጅት ኮሚቴው ውስጥም በሯጭነትም ከኛ ጋር ስለሆኑ፣ የቀኑ ምርጫ የሁላችንንም ሐሳብ ያካተተ ነው።

ከጂሬን መነሣታችን ለታሪኩ ክብር ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ስለሆነ ሮጦ የማያውቅ ሰውም ይጨርሰዋል። ነገር ግን ቁልቁለት ልብና ሳንባን ቢያሳርፍም፣ የጭን ጡንቻ በየእርምጃው ሰውነትን እየያዘ ስለሚወርድ ሕመሙ የሚሰማው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። ካለፈው ዓመት ሯጮች አንዱ መምህር ከሩጫው በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ወደ ኋላ ዞረው ይወርዱ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ነግረውናል። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምራችሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንኳ ቁልቁለት እንድትለማመዱ እንመክራለን። ለበዓል ከቆላ አገር ወይም ከውጭ የምትመጡም ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ፤ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ሩጫ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶቻችንን ስቧል፤ ሆኖም ከጅማ እስከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ መክፈል የማይችለው ልጅ በቴሌቪዥን ከማየት አያልፍም። የበዓል ሰሞን ሩጫም ለዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በብራዚል ሳን ፓውሎ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሚሮጥ ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሸነፈውም የኛው ታሪኩ በቀለ ነበር። እኛ የምንመኘው ግን አሸናፊ ማፍራትን ሳይሆን፣ የሰፈር ሰው በዓሉን ከምግብና ከመጠጥ ሌላ በሚያስታውሰው ነገር እንዲያከብር ነው። የገና ጨዋታ በየሜዳው በሚደራበት ሰሞን ሩጫ ብንጨምርበት ባህሉን አናደበዝዝም ብለን እናምናለን።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ያቀድነው ለ400 አዋቂ ሯጮችና ከተማው ውስጥ በሜዳማ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ለሚሮጡ 100 ልጆች ነው። ጠቅላላው ወጪ 204,000 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 140,000 ብሩ ለ400 ካኔቴራ፣ እያንዳንዱ በ350 ብር ሒሳብ፣ የሚውል ነው። ከግማሽ በላዩ ለካኔቴራ መሆኑ በስብሰባ ላይ ከባድ ክርክር አስነሥቷል። ካኔቴራው ቢቀር ልመናውም ይቀልል ነበር ያሉ አባላት ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ካኔቴራ ያላገኘ ሰው ሮጬአለሁ ብሎ አይቆጥርም፤ ያገኘው ደግሞ ገበያም፣ ቡና ቤትም፣ እርሻም ዓመቱን ሙሉ ለብሶት ይውላል፤ ለቀጣዩ ዓመት ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላገኘንም። በድምፅ ብልጫ እንዲቀጥል ተወስኗል።

ለደረት ቁጥርና ለመርፌ ቁልፍ 12,000 ብር ይዘናል፤ ባለፈው ዓመት ቁጥሩን በጨርቅ ላይ በማርከር ጽፈን ላብ ሲነካው ቀለሙ ወርዶ 18ን ከ13 መለየት አቅቶን ነበር። ሯጮችን ከከተማ ወደ ጂሬን ለሚያወጡ፣ ከዚያም የሯጮችን ጋቢና ጃኬት ይዘው ለሚመለሱ አውቶቡሶች 24,000 ብር ያስፈልጋል፤ በጥር ጠዋት ኮረብታው ላይ ብርዱ ቀላል ስላልሆነ ያለ ጋቢ ቆሞ መጠበቅ አይቻልም። ለመጀመሪያ ሕክምና ዕቃና ለአምቡላንስ ነዳጅ 10,000 ብር ተመድቧል። ለውኃ የተያዘው 18,000 ብር ሲሆን፣ ዘንድሮ የታሸገ ውኃ አንገዛም። ለ500 ሰው በሦስት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢታሰብ 750 ሊትር ይሆናል፤ እኛ ግን ካለፈው ተምረን ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን፣ ማለትም 1,000 ሊትር የታከመ ውኃ እናዘጋጃለን፤ ገንዘቡ የሚውለው ለማከሚያው፣ ለወረቀት ኩባያና ለጭነት መኪና ነው። ሦስተኛው የውኃ ቦታ የመጨረሻው ሯጭ እስኪያልፍ ድረስ አይነሣም።

እስካሁን ከአባላትና ከሁለቱ ዕድሮች 61,000 ብር ተሰብስቧል። የቀረው 143,000 ብር ነው። መስጠት የምትፈልጉ ሁሉ ለዕድሮቹ ገንዘብ ያዦች በእጅ ከፍላችሁ ወይም ከእነሱ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ወስዳችሁ አስገብታችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ እንጠይቃለን። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ በግል ስልክ ገንዘብ እንድትልኩ የሚጠይቅ ሰው ቢገጥማችሁ ከኛ አይደለምና አትላኩ። የገቢና የወጪ ዝርዝሩ ከሩጫው በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዕድሮቹ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ካኔቴራው የሚታተመው አስቀድሞ ስለሆነ ገንዘቡ እስከ ታኅሣሥ 20 ቢደርሰን ሥራችን ይቃናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውኃና ለአውቶቡስ ይውላል።

ገንዘብ የሌለው ሰው የሚያግዝበት ብዙ ነገር አለ። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ዕድሮቹ ያውሱናል። የባጃጅ አሽከርካሪዎች ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት መስመሩን በመልቀቅ፣ ከቻሉም የደከመ ሯጭ በመጫን ይረዱናል። መጨረሻው ላይ ለሚደርሰው ሰው ቡና የሚያፈሉ እናቶች ጀበናና ሲኒ ይዘው እንዲመጡ፣ ቡና ያላቸውም ከዘንድሮው ምርት ጥቂት ጥቂት እንዲያዋጡ እንለምናለን፤ በጅማ ሯጭን ቡና ሳያጠጡ መሸኘት ነውር ነው።

በመስመሩ ዳር የምትኖሩና ንጹሕ ጀሪካን ያላችሁ፣ ዓርብ ጥር 1 ከሰዓት በኋላ ስምና ሰፈር ጽፋችሁበት ለዕድሮቹ አስረክቡ፤ ቅዳሜ ማታ ይመለስላችኋል። ባለፈው ዓመት ውኃ ያጠጡንን እናትም ሄደን አመስግነን ዘንድሮ እንዲያግዙን ጠይቀናቸው ነበር፤ «እናንተ ውኃውን አምጡልኝ እንጂ ጣሳውን ሁለት አደርገዋለሁ» ብለውናል።