እሑድ በብስክሌት ወደ ጢስ አባይ

የተከበራችሁ አባላት፣

እሑድ ጥቅምት 9 አባይን ተከትለን ወደ ጢስ አባይ በብስክሌት እንጓዛለን። መሄጃው ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንድንነሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አባይ ድልድይ አጠገብ እንገናኝ።

ፏፏቴውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። በዚህ ጉዞ ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ድልድይ ረጋ ብለን ብናየው ደስ ይለኛል። የአካባቢው ሰዎች ዛሬም አህያ እየነዱ ገበያ የሚመላለሱበት ነው፤ ስለዚህ ብስክሌታችንን በእጅ እየገፋን፣ ቅድሚያ ለእነሱ ሰጥተን እንሻገር።

ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያና በቂ ውኃ ያዙ። ምሳ ስንቅ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያው ከተማው ውስጥ እንብላ? የምትመጡ፣ ብስክሌት መከራየት የምትፈልጉም ጭምር፣ እስከ ዓርብ ማታ መልስ ስጡኝ።