ለደሴ ማንቼዎች (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች) በሙሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? ሰሞኑን ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ የኛ ጥግ ወንበሮች ባዶ ሆነው አይቼ ሆዴ ባባ። ማንንም አልወቅስም። በ2024/25 ውድድር ዘመን 18 የሊግ ጨዋታ ተሸንፈን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆነን ስንጨርስ እኔም ማሊያዬን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር።

የቢልባኦው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ ባሰ። በዚያው ዓመት ሦስቴ ያሸነፈን ቶተንሃም እንደገና 1 ለ 0 ረታን፣ እኛም በዚያ በደሴ ብርድ ጃኬታችንን ጥርቅም አድርገን፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ እስከ ፒያሳ በእግራችን ሄድን። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው አለ?

አሁን ማሊያዬን ያወጣሁት በአንድ የሰፈር ልጅ ምክንያት ነው። የታላቅ ወንድሙን ማሊያ ለብሶ ይመጣል፤ እጅጌው ክርኑን አልፎ ይወርዳል፣ ከጀርባው ያለው ቁጥር በእጥበት ብዛት ተላጧል። የቀድሞው አሰልጣኛችን ፈርጉሰን በፈረንጆቹ 2013 20ኛውን የሊግ ዋንጫ አንስተው ሲሰናበቱ ይሄ ልጅ አልተወለደም። ዩናይትድ ሻምፒዮን ሲሆን አንድም ቀን አላየም! ግን ጎል ሲገባብን ዓይኑ እንባ ያቀራል። ብቻውን ሲያዝን ማየት አልቻልኩም።

እባካችሁ ለቀጣዩ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ኑ። ማሊያ ያላችሁ ልበሱ። ለልጁ ከፊት ወንበር እይዝለታለሁ፣ ትልልቆች ስለሚጋርዱት።