የመሪ ዘይት አይበላም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ መኪና ጥገና ሲጻፍ ወሬው ሁሉ የሞተር ዘይት፣ ፍሬንና ጎማ ነው። መሪው በቀላሉ እንዲዞር የሚያግዘው የመሪ ዘይት የሚታወሰው መሪው ሲከብድ ወይም ማቃሰት ሲጀምር ብቻ ነው። ያን ጊዜም በየታክሲ ተራው የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ጨምርበት»። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተሳፋሪ ጭነው ለሚውሉት ዶልፊኖችና ቆየት ላሉ አባዱላዎች፣ ማለትም ለቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ባለንብረቶችና ሾፌሮች ነው።

የሞተር ዘይት ይቃጠላል። የፍሬን ዘይትም ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዝቅ ይላል። የመሪ ዘይት ግን አይበላም። ከሚጠራቀምበት ዕቃ ግፊት ወደሚሰጠው ፖምፓ፣ ከፖምፓው የፊት ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ስቲሪንግ ራክ ሄዶ ወደ ዕቃው የሚመለስ ነው፤ ጠቅላላው መጠን አንድ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። በየሳምንቱ ሩብ ሊትር የሚጨመርበት መኪና በወር ውስጥ ያለውን ዘይት በሙሉ መንገድ ላይ አፍስሷል ማለት ነው።

የት እንደሚፈስ ለማወቅ ቱቦዎቹን በጨርቅ አጽድቶ አንድ ቀን ሠርቶ ማየት ነው። ከሁሉ በፊት ከፖምፓው የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ይታይ፤ ጎማው ከብረቱ ጋር የተጨመቀበት አንገት ላይ ማላብ ይጀምራል። እዚህ መስመር ላይ መሪው ጥግ ሲደርስ ግፊቱ ከ70 ባር በላይ ይወጣል። በዚህ ቦታ የነዳጅ ቱቦ ቆርጦ በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ማሰር ጥገና አይባልም፤ ሲፈነዳ ዘይቱ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ከተረጨ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቀጥሎ በራኩ ሁለት ጫፍ ያለውን የተሸበሸበ የአቧራ ጎማ በእጅ ጨመቅ ማድረግ ነው። ውስጡ ዘይት ካለ የራኩ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት) አልቋል፤ መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ጠብታ የሌለው ሌላም ብልሽት አለ። ከዕቃው ወደ ፖምፓው የሚወርደው ቱቦ ግፊት የለበትም፤ የሚሠራው በመሳብ ነው። ጎማው ሲደርቅ ወይም ፋሼታው ሲላላ ዘይት ከማፍሰስ ይልቅ አየር ይስባል። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ቢያበሩበት ዘይቱ አረፋ ይዞ ሻይ በወተት መስሎ ይታያል፤ ፖምፓውም ያጉረመርማል። ይህን ድምፅ ሰምተው ደህናውን ፖምፓ አውጥተው ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ሌላ ፖምፓ የሚገዙ አሉ፤ ቱቦው ካልተቀየረ ግን አዲሱም ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ዕቃው ውስጥ ያለው ወንፊት በዝቃጭ ሲደፈንም ድምፁ ተመሳሳይ ነው። ዕቃውን አውልቆ በነጭ ጋዝ አጥቦ በኮምፕሬሰር አየር ማድረቅ ይበቃዋል። ጥግ ሲዞር የሚሰማው ሹል ጩኸት ግን ከዘይት ጋር አይገናኝም፤ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጊያ (ቀበቶ) ላልቶ ነው። በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ከረገበ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ይጥበቅ።

ለእነዚህ ቶዮታዎች የሚሆነው ቀዩ ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት)፣ ማለትም ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ጀነራል ሞተርስ የዴክስሮን 3ን ፈቃድ በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስላቆመ፣ ዛሬ የዘይቱ ጣሳ ላይ የሚነበበው ስም የአምራቹ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሚታወቅ ሻጭ፣ እሽጉ ያልተነካ መግዛት ይሻላል። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርበት። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸውና ያለሰልሳቸዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከአንድ ቦታ ያፈስ የነበረው ከአራት ቦታ ማፍሰስ ይጀምራል። በስህተት ከተጨመረ ሞተሩ ሳይነሳ ወዲያው መገልበጥ ነው። «ማፍሰስ ያቆማል» እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽም ጎሚኒ አሳብጦ ጊዜ ይገዛ እንደሆነ እንጂ ጥገና አይደለም።

ልኩን ለማየት መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ጠዋት ሳይነሳ «ኮልድ» የሚለው መስመር፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ «ሆት» የሚለው ነው የሚነበበው። አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉ፤ ቀይ ከሆነ መልካም፣ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው መቀየር አለበት። የታክሲ ሥራ ለሚሠራ መኪና በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር እላለሁ።

ለመቀየር ሁለት ሊትር፣ አንድ ባዶ ሃይላንድና አንድ ረዳት ይበቃል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ማሳረፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት የለም። የመመለሻው ቱቦ ከዕቃው ተነቅሎ ሃይላንዱ ውስጥ ይገባል፤ የተነቀለበት አፍ በጎማ ይደፈናል። ሞተሩ ጠፍቶ ረዳቱ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያለ ያዞራል፤ እርስዎ ዕቃው ባዶ ሳይሆን እየተከታተሉ አዲሱን ይሞላሉ። ሞተር አስነስቶ ማስወጣት ይፈጥናል፤ ነገር ግን ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ይኸው ዘይት ብቻ ስለሆነ ለጥቂት ሰከንድ በደረቁ ከዞረ ውስጡ ይፋጫል። ንጹሕ ቀይ ሲወጣ ቱቦው ወደ ቦታው ይመለስ፣ እስከ ኮልድ መስመር ይሞላ፣ ሞተሩ እንደጠፋ አሥር ጊዜ ያህል ይዞር። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሳይሰጡ በሚኒሞ መድገም ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ዕቃው ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ አየር አልወጣም፤ አንድ ሰዓት አሳርፎ መድገም ነው። የወጣውን አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት።

አንድ ነገር ለሾፌሮች። ተራ ላይ መኪናው ቆሞ ጎማውን አስፋልት ላይ እየፋቁ መሪ ማዞር፣ ጥግ ላይ አድርሶም ይዞ መቆየት ዘይቱን የሚያቃጥለው ዋና ነገር ነው። ጥግ ላይ ዘይቱ መሄጃ ስለሚያጣ በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል እዚያው ፖምፓው ውስጥ እየዞረ ይግላል። ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝ። ሃይኤስ ላይ ሞተሩም ሾፌሩም ፊት ጎማዎቹ ላይ ናቸው የተቀመጡት፤ ጎማው ትንሽ ተንከባሎ እያለ ቢዞር፣ የጎማው ነፋስም ልክ ቢሆን፣ ለፖምፓው ትልቅ እፎይታ ነው። ፖምፓው ጨርሶ ቢሞት እንኳ መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ መኪናው ይታጠፋል፤ ግን በሁለት እጅና በትከሻ ጉልበት ነው። በዚያ ሁኔታ ተሳፋሪ አውርዶ በዝግታ ወደ ጋራዥ መሄድ እንጂ «እስከ ማታ ልሥራበት» አይባልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ