የልጄ ማስተርስ

ለአዘጋጁ፦

ልጄ “ኤትኒክ ስተዲስ (በአሜሪካ ያሉ ዘሮችና ብሔረሰቦች ጥናት) ልማር ነው” ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ሥራ ይገኝበት እንደሆነ ነው። የሐበሻ አባት ሌላ ምን ይጠይቃል!

እሷ ግን የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ታሪክ አወራችኝ። በፈረንጆቹ 1968 መጨረሻ ተማሪዎቹ ይህ ትምህርት እንዲሰጥ ትምህርት አቁመው ለወራት ታገሉ፤ በ1969 የኤትኒክ ስተዲስ ኮሌጁ ተከፈተ። እዚያ ማስተርስ አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ደግሞ በዚሁ መስክ ዶክትሬት ይሰጣል፤ እዚያ የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክፍል ነው። ታዲያ ስለ እኛ ስደተኞች መጻፍ የፈለገች ልጅ የቱን በር ታንኳኳ?

ማታ የመምህራኑን ስም ዝርዝር አትመን፣ ስለ አፍሪካ ስደተኞች የጻፉትን በቀይ እስክሪብቶ እየከበብን አመሸን። ከአንዱ ወረቀት ሁለት ስም ብቻ ወጣ። ለሁለቱም ኢሜይል ጻፈች። የዩኒቨርሲቲዎቹን ደረጃ ግን ያን ማታ ከፍተን አላየነውም።

አንድ አባት፣ ከኦክላንድ