እማዬ፣ መጀመሪያ አስወጪው

ውድ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት በስልክ ስናወራ ወሬሽን መሃል ላይ ቆርጠሽ ትንፋሽሽን ስትጠብቂ ሰማሁ። «ምንም አልሆንኩም» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በቅድሚያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። እኔ ጋ ያደርሽበት ሌሊት ትዝ ይልሻል? የአልጋውን ጠርዝ አጥብቀሽ ይዘሽ ጣቶችሽ ነጥተው፣ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ወጥቶ ነበር። እኔ ደንግጬ «በደንብ ሳቢ! በደንብ ሳቢ!» እያልኩ ጮህኩብሽ። ለካ ተሳስቼ ነበር። በኋላ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። የአንቺ ዓይነት የአየር ቧንቧ ጥበት ሲኖር የቆየው አየር በደንብ አይወጣም። በላዩ ሌላ ሲጨመር ሳንባው ይወጠራል፣ አዲሱ አየር መግቢያ ያጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የቆየውን አየር አስወጪው። ከዚያ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢና ትኩስ ነገር እንደምታበርጂ ከንፈርሽን አሞጥሙጠሽ እፍ በይ። ማስወጣቱ ከመሳቡ እጥፍ ቢረዝም ጥሩ ነው። ግን አትግፊው፣ ራሱ ይውጣ። ከንፈርሽ ሲሞጠሞጥ ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይከደኑ ይረዳቸዋል። ከወንበር ስትነሺም ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ብድግ ስትይ እፍ በይ።

ከደብዳቤው ጋር በእጅ የምትያዝ ትንሽ ማራገቢያ ልኬልሻለሁ። አነስ ብላለች ብለሽ አትናቂያት። ከፊትሽ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ ያዣት፣ ንፋሱ አፍንጫሽና የላይኛው ከንፈርሽ ላይ ይረፍ። እዚያ ያለው ነርቭ ቅዝቃዜውን ለአንጎል ሲያደርስ የመታፈን ስሜቱ ቀለል ይላል። ጥቂት ደቂቃ ታገሺያት።

ሐኪሙ «ኦክስጅንሽ ደህና ነው» ሲልሽ ያላመነሽ መስሎሽ አዝነሽ ነበር። እናቴ፣ ማንም አስመሰልሽ አላለም። ትንፋሽ ኦክስጅን ሳይጎድልም ያጥራል። መጠኑ ደህና ለሆነ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ኦክስጅን ብዙም አይፈይድም።

ሲብስብሽ ተቀምጠሽ ወደፊት ዘንበል በይ፣ ክንዶችሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊ። ትከሻሽን ልቀቂው። ቆመሽ ከሆነ ግድግዳ መደገፍ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ከቤት መውጣት መተውሽ ነው። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን ቁጭ ባልሽ ቁጥር እግርሽ ይደክማል፣ የደከመ እግር ደግሞ ለትንሽ እርምጃ ብዙ ትንፋሽ ይፈልጋል። ስትራመጂ ቁና ቁና መተንፈስሽ ሳንባሽን አይጎዳውም። ጥቂት ሂጂ፣ እረፊ፣ ደግሞ ሂጂ። ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ አትበይ፤ ልብስ ማጠፍ ተቀምጦም ይሆናል።

መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ አደራ። ይሄ ሁሉ እሱን ለማገዝ ነው። ድንገት ከወትሮው ከባሰብሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም መናገር ካቃተሽ ግን ማራገቢያዋን ትተሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። እኔን ለመጥራት ብለሽ አትዘግዪ።

እፍ ማለቱን ደህና ስትሆኚ ተለማመጂው፣ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም። ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከ ውጭው በር አብረን እንሄዳለን፤ መሃል ላይ ወንበር አስቀምጥልሻለሁ።

ልጅሽ