የብዕር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፈትተን የገጠምናቸው ብዕሮች

የብዕር ክበብ አዳማ ካለው ትምህርት ቤታችን ክበባት ሁሉ አዲሱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንሰበሰባለን። ቤተ ሙከራውን የመረጥነው የቧንቧ ውሃና ሰፊ ጠረጴዛ ስላለው ነው። ሥራችን ርካሽ ፋውንቴን ፔን (ቀለም እየተሞላ የሚጽፍ ብዕር) ገዝቶ መፍታት፣ ማጠብ፣ ማስተካከልና ለየእጃችን እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ነው።

ርካሽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ውድ ብዕር ያለው ሰው ለብዕሩ ይሳሳል። ለፊርማ ያወጣዋል፣ መልሶ ይከድነዋል፣ በቃ። ርካሹን ግን የ9ኛ ክፍል ልጅ ኒቡን (የሚጽፈውን የብረት ጫፍ) መዝዞ፣ ውስጡን አይቶ፣ መልሶ ይገጥመዋል። ቢበላሽበትም ሰማይ አይደፋበትም። በእኔ እምነት ክበቡን ያቆመው ይህ ነው። ልጆቹ ብዕር ከመያዝ አልፈው ብዕር አወቁ።

የመጀመሪያዎቹን ብዕሮች ገንዘብ አዋጥተን ከመርካቶ አስመጣን። አብዛኞቹ የቻይና ናቸው፤ ጂንሃዎና ሄሮ። ጥቂት የጃፓን ፕላቲነም ፕሬፒዎችን ደግሞ የአንዷ አባላችን አክስት ከውጭ ስትመጣ ይዛልን መጣች። ሄሮ 616ን አንዳንድ ወላጆች ገና ሲያዩት አወቁት። ኒቡ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል። ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው በ1941 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ፓርከር 51 ነው። የሄሮው አሞላልም ደስ ይላል። ጫፉን ቀለም ውስጥ ነክሮ የኋላውን ጎማ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ማድረግ ነው።

ካርቶኑ እንደተከፈተ የመጣው ጥያቄ ስለ ወርቅ ነበር። ከኒቦቹ አንዱ ላይ 18 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። "ቲቸር፣ ይሄ ወርቅ ነው እንዴ?" አለችኝ አንዷ። ቁጥሩን የተከተሉት ፊደላት በ18 ካራት ወርቅ የተለበጠ ማለት ናቸው። ውስጡ የማይዝግ ብረት ነው። ይህ ግን ብዕሩን አያሳንሰውም። ወረቀቱን የሚነካው ወርቁም ብረቱም አይደለም። የኒቡ አፍንጫ ላይ የተበየደች በጣም ጠንካራ የሆነች የሌሎች ብረታት ቅይጥ ጠብታ አለች። የምትጽፈው እሷ ናት። ለስላሳ ከሆነች ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሻካራ ከሆነች ወረቀት ይቧጥጣል። ስለዚህ የዓመቱ ሥራችን ከሞላ ጎደል በዚህች ጠብታ ዙሪያ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ቀለሙ እንዴት እንደሚወርድ መረዳት ነበረብን። ፋውንቴን ፔን ውስጥ ቀለሙን የሚገፋ ምንም ነገር የለም። ኒቡ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው። ከሥሩ ፊድ የምንላት ጥቁር ፕላስቲክ አለች፤ ሆዷ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ተቀርጸዋል። ኩራዝ ክሩ ጋዙን ስቦ እንደሚያወጣው ሁሉ ቦዮቹና ስንጥቁ ቀለሙን እስከ ወረቀቱ ይስቡታል። ቀለም በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ ብዕሩ ይነጥፋል፤ ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ ይደፋል። ሮማንያዊው ፔትራኬ ፖየናሩ በ1827 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ለፋውንቴን ፔን ፓተንት አውጥቶ ነበር። አየርና ቀለም የሚተላለፉበትን ቦይ በአግባቡ ሠርቶ ብዕሩን አስተማማኝ በማድረግ ስሙ የሚነሳው ግን የኒው ዮርኩ ሉዊስ ዋተርማን ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከማስተምር ይልቅ ፊዷን አውጥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቦዩን በአጉሊ መነጽር ያየ ልጅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አዲስ ብዕር ቀለም ተሞልቶ አልጽፍ ሲል ሁሉም ሰው "ፎርጅድ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ አይደለም። ከፋብሪካ የቀረ ዘይት ቦዩ ውስጥ ስላለ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብ የምትል የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፤ እነዚህ ይበቃሉ። የፈላ ውሃና አልኮል ግን ክልክል ነው። የፈላው ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ አልኮሉ ብርጭቆ መሳዩን ቀፎ ይሰነጣጥቀዋል።

ታጥቦም እምቢ ካለ ኒቡን እናያለን። ለዚህ ባለውለታችን ፖስታ ቤት አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓትን አጉሊ መነጽር ስንጠይቃቸው ትርፍ አውጥተው ሰጡን። "ልጆቼ፣ አትጥሉብኝ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ያዟት" አሉ። በእሷ ሲታይ ሁለቱ የኒብ ጥርሶች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሚቧጥጠው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለውን በጥፍር ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መግፋት፣ ማየት፣ እንደገና መግፋት ነው። ስንጥቁ ድፍን ብሎ ቀለም ሲከለክል ደግሞ ቀጭን የነሐስ ወረቀት እናሳልፍበታለን። በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉም የተሻሉት ትዕግሥት ያላቸው እንጂ ፈጣኖቹ አይደሉም። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የክበቡ ዋና አስተካካይ ናት። የሌላ ክፍል መምህራን ሳይቀሩ ብዕራቸውን ለእሷ ይሰጣሉ።

ለማለስለስ ውድ ዕቃ አልገዛንም። ሴቶቹ ልጆች ውበት ሳሎን የሚሠራባትን አራት ፊት ያላትን የጥፍር ማለስለሻ አመጡ። የመጨረሻው፣ አብለጭላጩ ፊቷ ለኒብ ፍጹም ነው። ብዕሩን ቀለም እንደያዘ የ8 ቁጥር ቅርጽ ጥቂት ጊዜ መሳል፣ ወረቀት ላይ መሞከር፣ መልሶ ማየት። ብዙ ማሸት ጠብታዋን ይበላታልና "ትንሽ ቀርቷል" ሲባል ማቆም የክበቡ ሕግ ሆኗል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

የኒብ ጠብታ ክብ ናት። ክብ ስለሆነች ወደ ታችም ወደ ጎንም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው መስመር ታወጣለች። ለላቲን ፊደል ምንም አይልም፤ ቁቤ ሲጻፍባት ያምራል። የግዕዝ ፊደል ግን በክብ ጫፍ አልተወለደም። በመቃ ነው የተወለደው። መቃ ጫፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ስለዚህ የ"ለ" እግሮች ወፍራም፣ የ"ተ" አግዳሚ ቀጭን ይሆናሉ። በብራና መጻሕፍት ላይ የምናየው ግርማ ከዚህ ይመጣል። በእስክሪብቶ ስንጽፍ ፊደሉ አጽሙ ብቻ ይቀራል።

ይህን እንዲያዩ ከከተማችን አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ጋበዝን። የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ናቸው። ከአዋሽ ዳር፣ ከወንጂ በኩል የመጣ መቃ ይዘው መጡ። በምላጭ ጫፉን ሸለቱት፣ መሐሉን ሰነጠቁት፣ አፉን ቀጥ አድርገው ቆረጡት። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስንጥቁም ጫፉም ዓመቱን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የከረሙት ነበር። አንዱ አባላችን ደግሞ አያቱ በቁርአን ቤት ከእንጨት የተሠራ ሉህ ላይ በተመሳሳይ ብዕር ይጽፉ እንደነበር ነገረን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሉሁን ከቤት አምጥቶ አሳየን። መሪጌታ የጥቁሩን ቀለም አሠራርም አጫወቱን። ጥቀርሻው፣ የተቆላው እህል፣ ቅጠሉ፣ ከዚያ ወራት የሚፈጀው መቆየት። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። አንድ ልጅ "ይህን ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ ብንጨምረውስ?" አለ። አይሆንም። ጥቀርሻው ሟሙቶ የሚጠፋ አይደለም፤ ደቃቅ ሆኖ ቦዩን ይደፍነዋል። ለፋውንቴን ፔን ለእሱ ተብሎ የተሠራ ቀለም ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ የርካሽ ብዕር ጥቅም በደንብ ታየ። አራት አምስት ኒቦችን ለሙከራ ለየን። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ደቃቅ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ባለ 2000 ቁጥሩን፣ ገዛን። መስታወት ላይ አንጥፈን በውሃ አርሰን የኒቡን ጠብታ ጠፍጣፋ አድርገን ሞረድን። ጠርዙን በጥፍር ማለስለሻዋ አለሰለስነው፤ ያለዚያ ወረቀት ይቆርጣል። በውድ ብዕር ላይ ማን ይህን ይደፍራል? ሁለት ኒቦች ተበላሹ፤ ማንም አልተቆጣም። ሦስተኛው "ሀ"ን ሲጽፍ ቤተ ሙከራው በጭብጨባ ተናጋ።

ችግርም አገኘን፤ እሱም ጠቃሚ ነው። ፊደላችን ጥቃቅን ምልክቶች አሉት። የ"ሌ"ና የ"ቤ" ቀለበት በሰፊ ኒብ ከተጻፈ ይደፈናል። ቀለበቱ ሲደፈን ደግሞ ኃምስና ሣልስ ይምታታሉ። 1.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኒብ ለርዕስና ለፖስተር ግሩም ነው፤ በተሰመረ ደብተር ላይ ግን አይሆንም። ብዙ ሞክረን ለደብተር ከ0.6 እስከ 0.7 ያለው ተስማማን። ጠፍጣፋ ለማይፈልግ ደግሞ ቀጭኑ የቻይናና የጃፓን ኒብ ከአውሮፓው ይሻለዋል። የእነሱ ፊደል ከእኛ የባሰ የተጨናነቀ በመሆኑ ኒባቸውን ቀጭን አድርገው ይሠሩታል። ያ ለእኛም ቀለበት ተረፈ።

የአዳማ አየር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሙቀቱና ነፋሱ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየን ኒብ ወዲያው ያደርቁታል። አቧራው ቦይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክዳን መክደን እጅ የሚለምደው ነገር መሆን አለበት። ቀፎውን ራሱን የቀለም መያዣ ያደረጉ ልጆችም አሉ። የፕሬፒ ቀፎ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ማድረግና ሲሊኮን ግሪስ መቀባት ነው፤ ከዚያ ቀለሙን በቀጥታ ቀፎው ውስጥ መጨመር። ካርትሪጅ (ቀፎው ውስጥ የሚገባው ትንሹ የቀለም መያዣ) ከሚይዘው ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ ቀለሙም በቀፎው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየት ያዝናናል። ቫዝሊን ግን አይተካውም፤ ጎማውን ያበላሸዋል። ብረት ያለበት ቀፎም አይሆንም፤ ይዝጋል። ደግሞ ቀለሙ ከግማሽ በታች ሲሆን መሙላት ያስፈልጋል። ባዶው ቦታ ውስጥ ያለው አየር በእጅ ሙቀት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። በግንቦት ፀሐይ፣ በሸሚዝ ኪስ፣ ባጃጅ ላይ እየተንገጫገጩ ምን እንደሚሆን እናቶች ያውቁታል። ከእነሱ አቤቱታ በኋላ ክበቡ በውሃ የሚለቅ ሰማያዊ ቀለም ብቻ እንዲጠቀም ወስነናል። ብዕርም ኪስ ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይያዛል።

ግራኝ የሆኑት አባሎቻችን ሌላ ችግር ነበራቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲጽፉ እጃቸው እርጥቡን ቀለም ያብሰዋል። ቀጭን ኒብና ቀለም የማያበዛ ፊድ ሰጠናቸው፤ ደብተሩንም አጋድመው ከመስመሩ በታች እንዲጽፉ ለመዱ። አሁን ከነሱ አንዱ የክበቡ ምርጥ ጸሐፊ ነው።

ስለ ማስዋቡ ባጭሩ ልናገር። የአንዱን ክዳን ከሌላው ቀፎ ጋር አቀያየሩ። በጥፍር ቀለም ነጠብጣብ ሠሩ። አንዱ ከመሪጌታ የተረፈውን መቃ ቦርቡሮ የርካሽ ብዕር ኒብ ገጠመበት፤ ይጽፋል። ያ ብዕር በወላጆች ቀን ከሁሉም በላይ ታየ። በዚያን ቀን ጠረጴዛ ዘርግተን የጎብኚዎችን ስም በጠፍጣፋ ኒብ ጻፍንላቸው። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። አንድ አባት የልጃቸውን ስም ተጽፎ ሲያዩ ለራሳቸው፣ ለባለቤታቸው፣ ለሟች እናታቸውም አስጻፉ።

ደብተሩ ያላሸነፍነው ነገር ነው። ተራው ባለ 50 ቅጠል ደብተር ቀለም ይጠጣል፤ ከጀርባውም ያሳልፋል። ቀጭን ኒብ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቀለም ማግኘትም ከባድ ነው። ሱቅ ውስጥ "ቀለም" ሲባል የማኅተም ቀለም አውጥተው ይሰጣሉ። እሱ ብዕሩን ይደፍነዋል። የፕሪንተር ቀለምም አይሆንም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላቸው ወላጆች አንድ ብልቃጥ ሰማያዊ የፋውንቴን ፔን ቀለም ቢያስመጡልን ለክበቡ ብዙ ወር ይበቃዋል።

መስከረም ላይ አዲስ አባላት እንቀበላለን። ብዕር መግዛት ግዴታ አይደለም። ቤት ውስጥ፣ በመሳቢያ ወይም በአያት ሣጥን፣ ደርቆ የተቀመጠ አሮጌ ፋውንቴን ፔን ያለው ይዞት ይምጣ። መጀመሪያ ጫፉ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፤ የቀረውን ረቡዕ አብረን እንሠራዋለን።